የሴፍቲኔት ክፍያና የቆየ ኮድ፦ የወረዳ ፕሮግራሞችን ለጥገና አመቺ የሚያደርገው ምንድን ነው?

በምዕራብ ሐረርጌ ዞን በልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የታቀፉ አርሶ አደሮች በተለምዶ ከጥር እስከ ሰኔ ባሉት ወራት እርከን ይሠራሉ፣ ጎርፍ የሸረሸረውን መሬት ያክማሉ፣ የገጠር መንገድ ይጠግናሉ። ፎርማኑ ማን እንደተገኘና ማን እንደቀረ በሉህ ላይ ያሰፍራል። የልማት ሠራተኛው ሉሁን አረጋግጦ ወደ ወረዳ ይልካል። በወረዳው ጽሕፈት ቤት መረጃው ወደ ኮምፒውተር ይገባና የእያንዳንዱ ቤተሰብ ክፍያ ይሰላል፤ የታተመው የክፍያ ዝርዝርም ወደ ገንዘብ ከፋዩ ይሄዳል። ከሉሁ እስከ ገንዘቡ ባለው በዚህ መንገድ ላይ ተጠቃሚው የማያየው አንድ ጣቢያ አለ፤ እርሱም ስሌቱን የሚሠራው የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው።

ፕሮግራሙ አንድ ጊዜ ተጽፎ የሚያበቃ ነገር አይደለም። የቀን ተመኑ ይለወጣል፣ የተጠቃሚዎች መደብ ይሻሻላል፣ አዲስ መመሪያ ይወርዳል። በእነዚህ ጊዜያት ሁሉ ኮዱን የሚከፍተው ባለሙያ አብዛኛውን ጊዜ የጻፈው ሰው አይደለም፤ የጻፈው ሰው ተዛውሯል ወይም ሥራ ለቋል። ተረካቢው ኮዱን ከፍቶ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊያስተካክለው መቻሉ፣ ወይም ለመንካት ፈርቶ ዝርዝሩን በእጅ ለመሥራት መገደዱ፣ በጭሮ፣ በሂርና፣ በገለምሶ ወይም በሚኤሶ ዙሪያ ላለ ቤተሰብ ክፍያው በወሩ መድረስና አለመድረስ ማለት ሊሆን ይችላል።

የተወረሰ ኮድ

የቆየ ኮድ የሚባለው በዕድሜው የገፋ ብቻ አይደለም። በዚህ ጉዳይ ላይ በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመውንና በሙያው ሰዎች ዘንድ በስፋት የሚጠቀሰውን መጽሐፍ የጻፈው ማይክል ፌዘርስ፣ የቆየ ኮድን የሚተረጉመው ትክክለኛነቱ የሚረጋገጥበት ፈተና የሌለው ኮድ አድርጎ ነው። በዚህ ትርጉም መሠረት ባለፈው ዓመት የተጻፈ የኤክሴል ስሌትም፣ ጸሐፊው ከሄደና ማጣሪያ ካላስቀረ፣ ከወዲሁ የቆየ ኮድ ሆኗል።

በፕሮግራም ውስጥ የራሱ ስም ተሰጥቶት አንድን ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያከናውን የትእዛዞች ስብስብ ፕሮሲጀር ይባላል። ሐሳቡ የኮምፒውተሩ የዕድሜ እኩያ ነው ማለት ይቻላል። በእንግሊዝ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በ1949 እ.ኤ.አ. ሥራ በጀመረው ኤድሳክ በተባለው ኮምፒውተር ላይ ዴቪድ ዊለርና ባልደረቦቹ አንድን ስሌት አንድ ጊዜ ጽፎ፣ ሞክሮ፣ በሚያስፈልግበት ቦታ ሁሉ መጥራት የሚቻልበትን ስልት አዳበሩ። ሞሪስ ዊልክስ፣ ዊለርና ስታንሊ ጊል በ1951 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት መጽሐፍም ይህንኑ አሠራር ለሌሎች አስተማረ። ጥቅሙ መጀመሪያ ድካምን መቀነስ ነበር። ትልቁ ጥቅሙ የተገለጠው ግን ፕሮግራሞች ከጸሐፊዎቻቸው በላይ መኖር ሲጀምሩ ነው፤ ስህተት ሲገኝ የሚታረመው አንድ ቦታ ብቻ ይሆናል።

ችግሩ የበለጸጉትን አገሮችም አይምርም። በ2020 እ.ኤ.አ. የኮሮና ወረርሽኝ ብዙ ሰዎችን ከሥራ ባፈናቀለበት ወቅት የአሜሪካዋ ኒው ጀርሲ ግዛት አገረ ገዢ ፊል መርፊ ኮቦል የሚያውቁ ፈቃደኞች እንዲረዱ በአደባባይ ጠይቀዋል። ኮቦል ንድፉ በ1959 እ.ኤ.አ. የተጀመረ የፕሮግራም ቋንቋ ሲሆን፣ የግዛቲቱ የሥራ አጥነት ክፍያ የሚሰላው ከ40 ዓመት በላይ ዕድሜ ባላቸው ሥርዓቶች ነበር። እዚያም ቢሆን በመጨረሻ የዘገየው ነገር ቤተሰብ የሚጠብቀው ክፍያ ነው።

ከ6 ብር ወደ 10 ብር

ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ዓላማው በየዓመቱ በአስቸኳይ ጥሪ ይሰበሰብ የነበረውን ዕርዳታ አስቀድሞ በሚታወቅ ድጋፍ መተካት ነበር። የሥራ አቅም ያላቸው ተጠቃሚዎች በማኅበረሰብ ልማት ሥራ ይሳተፋሉ፤ አቅም የሌላቸው ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር 5 የሥራ ቀን ይታሰባል። ክፍያው በእህል ሲሆን ለአንድ የሥራ ቀን 3 ኪሎ ግራም፣ በወር 15 ኪሎ ግራም ተብሎ ተጀመረ። በጥሬ ገንዘብ ሲሆን የቀን ተመኑ መጀመሪያ 6 ብር ነበር፤ በ2000 ዓ.ም. ወደ 8 ብር፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ወደ 10 ብር ከፍ ብሏል፤ ከዚያ በኋላም ተሻሽሏል።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የፕሮግራሙ ዋነኛ ፈተና ከነበሩት አንዱ የክፍያ መዘግየት ነው። የመገኛ ሉሁና የክፍያ ዝርዝሩ በእጅ ይዘጋጁ ስለነበር፣ ለአንድ ወረዳ ሙሉ ዝርዝር ማሰናዳት ረጅም ጊዜ ይወስድ ነበር። ይህን ለማቅለል ፓስ በሚል ምህጻር የሚታወቅ፣ የመገኛ ሉህንና የክፍያ ዝርዝርን በኮምፒውተር የሚያዘጋጅ ሥርዓት በወረዳዎች ሥራ ላይ ዋለ። ከዚህ በታች የቀረቡት ምሳሌዎች ለማብራሪያ የተሰናዱ እንጂ የፓስን ውስጣዊ ኮድ የሚገልጹ አይደሉም፤ በፕሮግራሙ ደንቦች ላይ የሚጻፍ ማንኛውም የክፍያ ፕሮግራም የሚገጥመውን ያሳያሉ።

አንድ የወረዳ ባለሙያ በ1997 ዓ.ም. የክፍያ ፕሮግራም ጻፈ እንበል። ተመኑ 6 ብር ስለሆነ 6 የሚለውን ቁጥር በአራት ቦታ አስገባው፦ የቤተሰቡ ክፍያ በሚሰላበት፣ የቀበሌው ድምር በሚወጣበት፣ ለቀጣዩ ወር የሚጠየቀው ገንዘብ በሚታሰብበትና በሚታተመው ሉህ ራስጌ ላይ። ተመኑ 8 ብር ሲሆን እርሱ የለም። ተተኪው ኮዱን አንብቦ ሦስቱን ያገኛል፤ የገንዘብ መጠየቂያው ያመልጠዋል። አምስት አባላት ላሉት ቤተሰብ የወሩ ሥራ 25 ቀን ነው፤ በ8 ብር 200 ብር ይደርሰዋል። መጠየቂያው ግን አሁንም በ6 ብር 150 ብር ያስባል። ልዩነቱ ለአንድ ቤተሰብ 50 ብር ነው፤ እንዲህ ያሉ 2,000 ቤተሰቦች ባሉበት ወረዳ 100,000 ብር ይጎድላል። ጉድለቱ የሚታወቀው ደግሞ ገንዘቡ መጥቶ ሰልፉ ከተያዘ በኋላ ነው።

ቀላሉ መፍትሔ ተመኑን ከስሌቱ ማውጣት ነው። አንድ ሰንጠረዥ ይኖራል፤ ተመኑን የሚጠይቅ አንድ ፕሮሲጀር ይኖራል፤ ሌላው ሁሉ እርሱን ይጠራል። ይሁን እንጂ ብዙዎች የሚስቱት ቀጣዩን እርምጃ ነው። ተመኑን በአንድ ቦታ አስቀምጦ 6ን በ8 መተካት ብቻውን አይበቃም። አዲሱ ተመን ከየካቲት ጀምሮ የሚሠራ ከሆነና የጥር ክፍያ ገና ካልተከፈለ፣ የጥር ሥራ መከፈል ያለበት በአሮጌው ተመን ነው። ስለዚህ ሰንጠረዡ ከተመኑ ጎን ከመቼ ጀምሮ እንደሚሠራ መያዝ አለበት፤ ፕሮሲጀሩም መጠየቅ ያለበት ሥራው የተሠራበት ወር ተመን ስንት ነበር ብሎ እንጂ ዛሬ ስንት ነው ብሎ አይደለም። እንዲህ ከተሠራ ተመን ሲቀየር የኮድ አንዲት ፊደል አትነካም፤ በሰንጠረዡ ላይ አንድ መስመር ይጨመራል። ከመስመሩ አጠገብ ለውጡን ያዘዘውን ደብዳቤ ቁጥርና ቀን መጻፍ ደግሞ ከረጅም ማብራሪያ ይበልጣል። ኦዲተር ሲመጣ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ኮዱን የሚከፍተው ሰውም እንዲሁ።

ሁኔታዎች ሲደራረቡ

የቁጥር ለውጥ ከደንብ ለውጥ ይቀላል። በፕሮግራሙ ቆይታ የተጠቃሚዎች መደብ ተብራርቷል። ነፍሰ ጡርና የሚያጠቡ እናቶች ለጊዜው ከጉልበት ሥራ ወጥተው ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። አረጋውያንና ሌሎች መሥራት የማይችሉ ቋሚ ቀጥታ ድጋፍ ተጠቃሚዎች ይባላሉ፤ በ2015 እ.ኤ.አ. በተጀመረው አራተኛ ምዕራፍ የእነርሱ ድጋፍ ዓመቱን ሙሉ እንዲሆን ተደርጓል፣ የማኅበረሰብ ልማት ሥራ ክፍያ ግን የስድስት ወር ነው። ክፍያው በእህል፣ በገንዘብ ወይም በሁለቱም ሊሆን ይችላል።

ፕሮግራሙን የሚጠግነው ሰው በችኮላ የሚያደርገው የታወቀ ነው። ባለው ትልቅ ፕሮሲጀር ውስጥ «እናትየው ነፍሰ ጡር ከሆነች» የሚል ቅርንጫፍ ይጨምራል። በሚቀጥለው ዓመት ሌላው ባለሙያ «ክፍያው በእህል ከሆነ» የሚል ይጨምርበታል፤ ሦስተኛው «ወሩ ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ ከሆነ» ይላል። እያንዳንዱ ጭማሪ ብቻውን ሲታይ ትንሽና ምክንያታዊ ነው። ነገር ግን አዎ ወይም አይደለም የሚል መልስ ያላቸው ስድስት ጥያቄዎች በአንድ ፕሮሲጀር ውስጥ ሲገናኙ 64 ዓይነት ጥምረት ይፈጠራል። ስድሳ አራቱን አንድ በአንድ የሚሞክር የወረዳ ባለሙያ አይኖርም፤ የሚሞከሩት በየወሩ የሚያጋጥሙት ጥቂቶቹ ናቸው። ያልተሞከረው ጥምረት የሚገለጠው በአንዲት እናት ክፍያ ላይ ነው፦ ወልዳ ከጊዜያዊ ድጋፍ ወደ ሥራ ስትመለስ በሁለቱም መዝገብ ትገኛለች፣ ወይም ይባስ ብሎ በሁለቱም አትገኝም።

ቶማስ ማኬብ የተባለ አሜሪካዊ ባለሙያ በ1976 እ.ኤ.አ. በአንድ ፕሮሲጀር ውስጥ ያሉትን የተለያዩ መንገዶች የመቁጠሪያ ዘዴ አቅርቦ፣ ቁጥሩ ከ10 ሲያልፍ ፕሮሲጀሩ እንዲከፈል መክሯል። አሥር የሚለው ቁጥር ሕግ አይደለም። ሆኖም ባለሙያው ኮዱን አትሞ በእርሳስ ቅርንጫፎቹን ቢቆጥር የት እንደሚጀምር ያውቃል።

በዚህ ምሳሌ መጀመሪያ መለየት ያለበት ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህ ሰው በዚህ ወር ከየትኛው መደብ ነው? «መደብ ለይ» የሚባል አንድ ፕሮሲጀር የሰውየውን መረጃና ወሩን ተቀብሎ ከሦስቱ አንዱን ይመልሳል፦ በሥራ የሚሳተፍ፣ ጊዜያዊ ቀጥታ ድጋፍ፣ ቋሚ ቀጥታ ድጋፍ። ብር አያሰላም፣ አያትምም፣ መዝገብ አይቀይርም። «ቀን ቁጠር» የተባለው ሁለተኛው የሚከፈልባቸውን ቀናት ይሰጣል። «ተመን አምጣ» ከሰንጠረዡ ያነብባል። «ክፍያ አስላ» ሦስቱን ጠርቶ ያባዛል። የነፍሰ ጡሮች ደንብ ቢሻሻል የሚነካው «መደብ ለይ» ብቻ ነው፤ ማባዛቱን የሚያበላሽ ሰው አይኖርም።

ማሳጠር ሲበዛም ጉዳት አለው። እያንዳንዱ ፕሮሲጀር ሁለት መስመር ሆኖ አንዱ ሌላውን፣ ያም ሌላውን እየጠራ ወደ 40 ፋይል የተበተነ ፕሮግራም ከአንድ ረጅም ፕሮሲጀር ይልቅ ለተረካቢ ይከብዳል። የመስመር ብዛት ብቻውን መለኪያ መሆን አይገባውም። የተሻለው መለኪያ ስሙ ነው፦ ፕሮሲጀሩ የሚሠራውን «እና» ሳይሉ በሁለት ወይም በሦስት ቃል መጥራት ከተቻለ መጠኑ ደህና ነው። «ክፍያ አስልቶ አትሞ መዝገብ አስተካክል» የሚል ስም የሚያስፈልገው ፕሮሲጀር ግን ሦስት ፕሮሲጀር ነው። መብራት በመሃል ቢጠፋ አስልቶ አትሞ ነገር ግን ሳይመዘግብ ይቀራል፤ ሲመለስም ከየት እንደሚቀጥል የሚያውቅ የለም።

ሳይሰብሩ መጠገን

ተረካቢው በወር መጨረሻ ሳምንት ኮድ መለወጥ የለበትም፤ ይህ ከሁሉ በፊት የሚመጣ ነው። ክፍያ ካለፈ በኋላ ያለፈውን ወር መረጃና ፕሮግራሙ ያወጣውን የክፍያ ዝርዝር በቅጂ ያስቀምጣል። ከዚያ አንድ ትንሽ ለውጥ ያደርጋል፤ ያንኑ መረጃ እንደገና ያስገባና አዲሱን ዝርዝር ከአሮጌው ጋር በየስሙ፣ በየብሩ ያስተያያል። ልዩነት ከሌለ ቀጣዩን ለውጥ ያደርጋል። ልዩነት ካለ ወይ ስህተት ሠርቷል፣ ወይ አሮጌው ፕሮግራም ሲሳሳት የኖረ ነው። ሁለተኛው ከሆነ ዝም ብሎ ማረም አይገባም፤ ጉዳዩ የገንዘብ ስለሆነ ኃላፊ አውቆት በደብዳቤ መታረም አለበት። ፌዘርስ በመጽሐፉ የመከረው አካሄድ በመሠረቱ ይኸው ነው፦ መጀመሪያ ኮዱ አሁን የሚሠራውን፣ ስህተቱንም ጨምሮ፣ በፈተና መያዝ።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ቅርጽንና ደንብን በአንድ ቀን አለመለወጥ ነው። ረጅሙን ፕሮሲጀር ወደ አራት የመክፈል ሥራ በአንድ ብር እንኳ ልዩነት ማምጣት የለበትም። አዲሱ ተመን ወይም አዲሱ መደብ የሚገባው መክፈሉ ተፈትሾ ካለቀ በኋላ ነው። ሁለቱ ከተቀላቀሉ ዝርዝሮቹ በማናቸውም ሁኔታ ስለሚለያዩ ማስተያየት ትርጉም ያጣል።

በሐረርጌ ተራሮች ላይ እርከን የሚጠብቅ ገበሬ የተናደችውን አንድ ክፍል ይክባል እንጂ ዳገቱን ሁሉ አያፈርስም። በመንግሥት የፋይናንስ ሥርዓትም ይኸው ክርክር በአገር ደረጃ ተነሥቶ ያውቃል። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ድጋፍ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ከአሥር ዓመት በላይ በተካሄደው የበጀትና የሒሳብ ማሻሻያ፣ መጀመሪያ የበጀትና የሒሳብ ፕሮግራሞች ለየብቻ ተሠሩ፤ በኋላም አይቤክስ በሚባለው ሥርዓት ተዋሃዱ። ሥርዓቱ ለአገሪቱ አሠራር ተብሎ የተጻፈ በመሆኑ እስከ ወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤቶች ድረስ ዘለቀ። የማሻሻያው መሪ የነበሩት ስቲቨን ፒተርሰን በኋላ በጻፏቸው ሥራዎች፣ ያለውን አሠራር ተረድቶ ደረጃ በደረጃ ማሻሻል ሁሉን ነገር ባንድ ጊዜ በአዲስ ከመተካት እንደሚሻል ተከራክረዋል። የፌዴራል መንግሥት ከዚያ በኋላ በኦራክል ምርት ላይ ወደተመሠረተው ኢፍሚስ የተባለ ሥርዓት ፊቱን ሲያዞር፣ አይቤክስ በብዙ ወረዳዎች ሥራውን ቀጥሏል።

የፒተርሰን ክርክር ለሁሉም ሁኔታ አይሠራም፤ ዘመኑ ያለፈበት፣ በአዲስ ኮምፒውተር ላይ ጭራሽ የማይነሣ ፕሮግራም መተካቱ አይቀርም። ቢተካም ግን የሚያስፈልገው አንድ ነው፦ አሮጌው ምን ያደርግ እንደነበር በትክክል ማወቅ። ሥራው በአጫጭርና በተሰየሙ ፕሮሲጀሮች የተከፈለ ፕሮግራም እያንዳንዱን ደንብ ከነስሙ ያስረክባል። በአንድ ሺህ መስመር የተጠቀለለ ፕሮግራም ግን ደንቡን ይዞት ይቀበራል።

ስም በሁለት ፊደል

በኦሮሚያ ወረዳዎች ላይ ጎልቶ የሚታይ አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ሲሆን መዝገብ በቁቤ ይያዛል፤ አንዳንድ የቆዩ ዝርዝሮችና ከፌዴራል የሚመጡ ሰነዶች ደግሞ በግዕዝ ፊደል የተጻፉ ናቸው። አህመድ የሚለው ስም በግዕዝ ፊደል በሀ ወይም በሐ ሊጻፍ ይችላል፤ በቁቤም አናባቢው ረዝሞ ወይም አጥሮ፣ ተነባቢው ጠብቆ ወይም ላልቶ ሊሰፍር ይችላል። በዚያ ላይ የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው የዩኒኮድ ሦስተኛ እትም እስኪካተት ድረስ እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ የራሱ አቆጣጠር ስለነበረው፣ በአንዱ የተተየበ ስም በሌላው ላይ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይወጣል።

እነዚህን ሁሉ በስሌቱ ውስጥ ለማስተካከል የሚሞክር ፕሮሲጀር ማለቂያ አይኖረውም፤ እያንዳንዱ አዲስ አጻጻፍ አዲስ ቅርንጫፍ ይጨምርበታል። ሰውን በስሙ መፈለግ ቀርቶ በተጠቃሚ ካርዱ ቁጥር መፈለግ ሥራውን ያቀልላል። ስሙ ለሰው ዓይን ይታተማል፤ ማዛመዱ ግን በቁጥር ይሆናል። የአጻጻፍ ጉዳይ ካለ መረጃው ገና ሲገባ በሚጠራ አንድ ፕሮሲጀር ተስተካክሎ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ስለ ሀና ሐ ማወቅ አይኖርባቸውም።

አሥራ ሦስተኛው ወር

የወረዳ ፕሮግራሞችን ደጋግሞ የሚያሰናክለው ሌላው ነገር ቀን ነው። የወረዳው መዝገብ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይያዛል፣ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ለአጋር ድርጅቶች የሚላከው ሪፖርት ግን በእ.ኤ.አ. ነው። የቀን ለውጡ በየቦታው እንደ አስፈላጊነቱ «8 ቀንስ»፣ «7 ቀንስ» እየተባለ ከተጻፈ፣ በመስከረምና በታኅሣሥ መጨረሻ መካከል ያለው ሪፖርት ከሌላው ጊዜ ሪፖርት በአንድ ዓመት መለያየቱ አይቀርም። ወርን ሁልጊዜ 30 ቀን፣ ዓመትን 12 ወር የሚያደርግ ስሌትም ከነሐሴ ወደ መስከረም ሲሻገር አምስት ወይም ስድስት ቀን ይጥላል። ሥራው የሚከናወነው ከጥር እስከ ሰኔ ስለሆነ ስህተቱ በአብዛኛው ተጠቃሚ ላይ አይታይም። የሚያርፈው ዓመቱን ሙሉ በሚከፈላቸው አረጋውያን መዝገብ ላይ ነው፤ ክፍያቸው ስንት ቀን እንደዘገየ ሲቆጠር እነዚያ ቀናት ይጠፋሉ።

ኮድ የሚጽፍ ኢትዮጵያዊ ለዚህ ሩቅ መሄድ የለበትም። ባሕረ ሐሳብ በልዩ ልዩ ስሞች የተከፈሉ አጫጭር ስሌቶች ሰንሰለት ነው። ዓመተ ዓለምን ለማግኘት በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5,500 ይደመራል። ያ ለ4 ሲካፈል ድርሻው መጠነ ራብዒት ይባላል፤ ቀሪው ወንጌላዊውን ይሰጣል፣ 1 ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ቀሪ ከሌለ ዮሐንስ። ዓመተ ዓለሙና መጠነ ራብዒቱ ተደምረው ለ7 ሲካፈሉ የሚተርፈው መስከረም 1 የሚውልበትን ዕለት ያመለክታል፤ 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ እያለ ይቀጥላል። ዓመተ ዓለሙ ለ19 ሲካፈል የሚተርፈው መደብ ነው፤ ከእርሱ አንድ ሲቀነስ ወንበር ይገኛል። ወንበር በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚቀረው አበቅቴ፣ በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚቀረው መጥቅዕ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 መሆን አለባቸው፤ ካልሆኑ አስሊው ተሳስቷል። እያንዳንዱ እርምጃ ስም አለው፣ አንድ ሥራ አለው፣ ውጤቱን ለሚቀጥለው ያቀብላል፣ በመጨረሻም ራሱን የሚፈትሽበት ማጣሪያ አለው። ይህ ስሌት ያለ ኮምፒውተር፣ ከመምህር ወደ ተማሪ እየተላለፈ ለዘመናት የቆየው እንዲህ ሆኖ ነው።

ለክፍያ ፕሮግራም ሁሉም አያስፈልገውም። «ጳጉሜን ስንት ቀን ናት» የሚል አንድ ፕሮሲጀር፣ ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከቀረ 6፣ አለዚያ 5 ብሎ ይመልሳል። ቀንን ከኢትዮጵያ ወደ እ.ኤ.አ. የሚለውጥ ሌላ አንድ ፕሮሲጀር እርሱን ይጠራል፤ የቀረው ፕሮግራም ሁለቱን ከመጥራት በቀር ስለ አቆጣጠር ምንም አያውቅም። እነዚህን ለመፈተን ጥቂት የታወቁ ቀናት ይበቃሉ። መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. መስከረም 12 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ማክሰኞ ነበር፤ መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. መስከረም 11 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ረቡዕ ዋለ። 2019 ዓ.ም. ለ4 ሲካፈል 3 ስለሚቀር የሉቃስ ዘመን ነው፤ ወንበሩ 13፣ አበቅቴው 23፣ መጥቅዑ 7 ይሆናል። የዚያ ዓመት ጳጉሜን 6 ቀን አላት። ጳጉሜን 6 ቀን 2019 ዓ.ም. ቅዳሜ፣ መስከረም 11 ቀን 2027 እ.ኤ.አ. ይውላል፤ መስከረም 1 ቀን 2020 ዓ.ም. እሑድ ነው። በወረዳ ኮምፒውተሮች ላይ ያሉ ፕሮግራሞች ይህን ቅዳሜ ዛሬውኑ ሲጠየቁ ምን ብለው እንደሚመልሱ ለማየት ዕለቱ እስኪደርስ መጠበቅ አያስፈልግም።